ቅጠሉ የረገፈ የግቢ ዛፍ ምን ዛፍ እንደሆነ በብርድ ወራት እንዴት ይለያል?

“ግቢያችን ውስጥ ያለ ዛፍ ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል፤ ምን ዛፍ እንደሆነ ንገሩን።” ብርድ በገባ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይመጣል። አብሮት የሚላከው ፎቶም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይ ከሩቅ የተነሳ ሙሉ ዛፍ፣ ወይ ግንዱ ብቻ። ከሁለቱም ብዙ ነገር አይገኝም። የዛፉ መታወቂያ ያለው ከእርሳስ በቀጠነው የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የሚፈነዱት እምቡጦች ተሠርተው ያለቁት ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ገና በሙቀቱ ወራት ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ቅርጻቸው እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ ዛሬ ያመለጠዎትን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ማየት ይችላሉ። መመሪያው የሚያገለግለው በብርድ ወራት ቅጠላቸውን ለሚያራግፉ ዛፎች ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆኑት በቅጠላቸው ስለሚለዩ እዚህ አልተካተቱም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር። ከሌለ በስልክ ካሜራ ቅርብ ፎቶ አንስቶ በጣት ማጉላት ይቻላል።
- የአትክልት መቁረጫ መቀስ
- ስለታም ቢላ ወይም ምላጭ
- ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ
- ነጭ ወረቀት (ቀንበጡን አስቀምጦ ለማየትም ፎቶ ለማንሳትም)
- 70 በመቶ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ
- ጓንት
- ደብተርና እርሳስ። በብርድ የእስክሪብቶ ቀለም አልወርድ ሊል ይችላል፤ እርሳስ ግን ይጽፋል።
- ዛፉ ረጅም ከሆነ የሩቅ ማያ መነጽር

ከመጀመርዎ በፊት

ምንም ነገር አይቅመሱ። ፍሬውንም፣ ቅርፊቱንም፣ እምቡጡንም። ላበርነም የሚባለው ዛፍ በብርድ ወራት አተር የመሰለ ደረቅ ቆባ ተንጠልጥሎበት ይቆያል፤ ውስጡ ያሉት ዘሮች መርዝ ናቸው። በማሽተት መለየት ይቻላል፣ በምላስ ግን አይሞከርም።

ግንዱ ላይ ፀጉራም ገመድ የመሰለ ሐረግ ከተጠመጠመ አይንኩት። በሰሜን አሜሪካ ፖይዝን አይቪ የሚባለው ተክል በብርድ ወራት ይህን ይመስላል፤ ቅጠል ባይኖረውም ቆዳ የሚያቃጥለው ቅባቱ አለ። እንጨቱን ማቃጠል ደግሞ ከመንካት የባሰ ነው፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ አይጎትቱ። በረዶ የተሸከመ ቅርንጫፍ ሥርም አይቁሙ።

መቀሱን ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላ ሲሻገሩ በአልኮል ይጥረጉት፤ የዛፍ በሽታ በምላጭ ይተላለፋል። ቼሪ፣ ፕሪም ወይም ኮክ ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ ከአንድ ትንሽ ቀንበጥ በላይ አይቁረጡ። እነዚህ ዛፎች በቀዝቃዛና እርጥብ ወራት የተቆረጠ ቁስላቸው ቶሎ አይድንም፤ በቁስሉም ሻጋታና ባክቴሪያ ይገባል። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ መጀመሪያ ያስፈቅዱ።

አስቀድመው የሚያውቋቸው ቃላት

ቀንበጥ ስንል ባለፈው የዕድገት ወቅት ብቻ የበቀለውን የቅርንጫፍ ጫፍ ማለታችን ነው። አንጓ ቅጠል የነበረበትና እምቡጥ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የቅጠል ጠባሳ ቅጠሉ ሲረግፍ ከእምቡጡ ሥር ትቶት የሄደው ምልክት ነው። በጠባሳው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ነጥቦች ወደ ቅጠሉ ውሃ ይወስዱ የነበሩት ቧንቧዎች የተበጠሱበት ቦታ ናቸው፤ የቧንቧ ነጥብ እንላቸዋለን። ልባስ እምቡጡን እንደ ዓሣ ቅርፊት የሸፈነው ነገር ነው። የቀንበጥ ልብ ደግሞ ቀንበጡን በቁመቱ ሲሰነጥቁ መሃሉ ላይ የሚታየው ለስላሳ ክፍል ነው።

1. ዛፉ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ

የአንድ ቀንበጥ ቅርፊት በጥፍርዎ በስሱ ይፋቁ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቀንበጥ ሞቷል። በአንድ ቀንበጥ አይፍረዱ፤ ከዛፉ ሦስት አቅጣጫ ይሞክሩ። ይህ የሚቀድመው የሞተ ቀንበጥ እምቡጡ ስለሚኮማተርና ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች በሙሉ ስለሚያበላሽ ነው።

2. ትክክለኛውን ቀንበጥ ይምረጡ

አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ነው። ፀሐይ ከሚያገኘው የዛፉ ወገን፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ያልተሰበረ ቀንበጥ ይፈልጉ። ከጫፉ ወደ ታች ሲወርዱ ቀንበጡን እንደ ክር የከበቡ ተጠጋግተው የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ያገኛሉ። ያለፈው ዓመት የጫፍ እምቡጥ ልባሶች ከዚያ ላይ ነው የረገፉት። ከመስመሮቹ እስከ ጫፉ ያለው የአንድ ዓመት ዕድገት ነው፤ የሚመረመረውም እሱ ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ርዝመት በቂ ነው።

እነዚህን ቀንበጦች ይተዉ፦

- ከግንዱ ወይም ከትልቅ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሸመል ቀጥ ብሎ ሽቅብ የተመዘዘውን። ከልክ በላይ ስለወፈረ እምቡጡም ጠባሳውም የዛፉን መደበኛ መጠን አያሳይም።
- ከግንዱ ሥር ከመሬት የወጣውን። ይህ የባሰ ያሳስታል። ብዙ የፍሬና የአበባ ዛፎች የሚራቡት የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ በማዳቀል ነው፤ ከታች የሚወጣው ቡቃያ የሥሩ እንጂ የላይኛው ዛፍ አይደለም። ዛፉን “ፕሪም” ብለው ለይተውት ከላይ ያፈራው ኮክ ሊሆን ይችላል።
- በጥላ ውስጥ ያደገውን ቀጭንና አጭር ቀንበጥ።

3. የእምቡጦቹን አቀማመጥ ይወስኑ

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አብዛኞቹን አማራጮች ያስወግዳል። ሁለት እምቡጦች በአንድ አንጓ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ከተቀመጡ “ፊት ለፊት” ብለው ይጻፉ። አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በግራ እየሆነ የሚሄድ ከሆነ “ተፈራራቂ” ይበሉ።

አብዛኞቹ ዛፎች ተፈራራቂ ናቸው። ፊት ለፊት የሆኑት ጥቂት ስለሆኑ እዚህ ውስጥ ከገቡ ሥራው ግማሹ አለቀ፦ ሜፕል፣ አሽ፣ ሆርስ ቼስትነት፣ ዶግዉድ (ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር)፣ ኤልደርና ሊላክ በግቢ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ናቸው። በአንድ አንጓ ሦስት ጠባሳዎች ዙሪያውን ከተቀመጡ ካታልፓን ይጠርጥሩ።

ቢያንስ አምስት አንጓዎችን፣ በሦስት የተለያዩ ቀንበጦች ላይ ይመልከቱ። ከጥንዶቹ አንዱ በወፍ ሊበላ ወይም በብርድ ሊሞት ስለሚችል፣ ፊት ለፊት የሆነ ዛፍ በአንድ አንጓ ሲታይ ተፈራራቂ ይመስላል። እምቡጡ ባይኖርም የቅጠሉ ጠባሳ ስለማይጠፋ ጠባሳውን ይቁጠሩ። በተቃራኒው፣ ጫፉ ላይ እምቡጦች የሚከማቹበት ዛፍ ፊት ለፊት ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ከጫፉ ወረድ ብለው የቀንበጡን መካከለኛ ክፍል ይመልከቱ።

4. እምቡጡን በማጉያ ይመርምሩ

አራት ነገር ይጻፉ፦ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር፣ ቀለሙ፣ ስንት ልባስ እንደሚታይ፣ ከቀንበጡ ጋር መለጠፉ ወይም ወደ ውጭ መውጣቱ። የልባሱ ቁጥር የሚጠቅመው በዕድሜ ወይም በአየር ሁኔታ ስለማይለዋወጥ ነው፤ ቀለም ግን በፀሐይና በጥላ ይለያያል።

ፊት ለፊት ከሆኑት መካከል፦ ጥቁር እምቡጥ የአውሮፓ አሽ ነው፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ አሽ ዝርያዎች ግን ቡናማ ናቸው። ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ እምቡጥ ሆርስ ቼስትነት ነው። አረንጓዴና የልባሱ ጠርዝ የጠቆረ ከሆነ ሲካሞር የሚባለው ሜፕል፣ ወይናማ ቀይ ከሆነ ኖርዌይ ሜፕል ሊሆን ይችላል።

ከተፈራራቂዎቹ መካከል ደግሞ በመጀመሪያ እይታ የሚታወቁ አሉ። ቢች እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቀጭንና እንደ መርፌ ጫፉ የሾለ እምቡጥ አለው። ሆርንቢም ቢችን ይመስላል፤ እምቡጡ ግን አጭርና ከቀንበጡ ጋር የተለጠፈ ነው። ኦክ ጫፉ ላይ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ እምቡጦችን ሰብስቦ ይይዛል። አኻያ እንደ ቆብ የተደፋ አንድ ልባስ ብቻ አለው፤ ፖፕላር ከአኻያ ጋር ዘመድ ቢሆንም ብዙ ልባሶች አሉት። ሊንደን ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ በአንድ ጎኑ ያበጠ እምቡጥና ሁለት ወይም ሦስት የሚታዩ ልባሶች አሉት። አልደር እምቡጡ በአጭር እግር ላይ የቆመ ነው። ማግኖሊያ ጫፉ ላይ ፀጉራም፣ ግራጫ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል የአበባ እምቡጥ ይዞ ይከርማል።

የፍሬ ዛፎች

ጥያቄው በብዛት የሚመጣው በእነዚህ ላይ ስለሆነ ለብቻ እናያቸዋለን። ሁሉም ተፈራራቂ ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑም ይመሳሰላሉ።

ፖም፦ እምቡጡ ጫፉ ድፍን፣ ግራጫ ጸጉር የለበሰና ከቀንበጡ ጋር የተጣበቀ ነው። የቀንበጡም ጫፍ በማጉያ ሲታይ ጸጉራም ነው።

ፒር፦ እምቡጡ ሾጣጣ፣ ጸጉር የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው፣ ከቀንበጡ ራቅ ብሎ የወጣ ነው። ያረጀው ግንድ ቅርፊቱ በትናንሽ አራት ማዕዘን ይሰነጣጠቃል። ፖምና ፒርን በቅርፊት ብቻ ከመለየት እምቡጡን መንካት ይሻላል፤ ለስላሳ ጨርቅ የሚመስልዎት ፖም ነው።

ቼሪ፦ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅና በአግድም በተሰመሩ የመተንፈሻ መስመሮች የተከበበ ነው። አጫጭር ድንክ ቅርንጫፎች ላይ እምቡጦች እንደ ዘለላ ይሰበሰባሉ።

ፕሪም፦ እምቡጦቹ ትናንሽ ናቸው። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ እውነተኛ የጫፍ እምቡጥ አይደለም፤ በማጉያ ሲያዩት ከጎኑ የደረቀና የረገፈ ጫፍ ትንሽ ጠባሳ አለ። በዚህ ከቼሪ ይለያል።

ኮክ፦ በአንድ አንጓ ሦስት እምቡጦች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መሃል ያለው ቀጭኑ የቅጠል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጸጉራምና ክብ የሆኑት የአበባ ናቸው። ቀንበጡ ፀሐይ ባገኘው ጎን ቀይ፣ በጥላው ጎን አረንጓዴ ነው።

ቼሪ፣ ፕሪምና ኮክ ግንዳቸው ሲቆስል ማር የመሰለ ሙጫ ያወጣሉ። ፖምና ፒር ላይ ይህን አያዩም፤ ስለዚህ ግንዱ ላይ የደረቀ ሙጫ ካገኙ ሁለቱን ከዝርዝርዎ ያውጡ።

5. የቅጠሉን ጠባሳ ያንብቡ

ጠባሳው ላይ ትንፋሽዎን ቢተነፍሱበት ወይም በምራቅ ቢያረጥቡት የቧንቧ ነጥቦቹ ጎልተው ይወጣሉ። (እርጥብ ጣት ይበቃል፤ ቀንበጡን ወደ አፍ አያስገቡ።)

ትልቅ የፈረስ ኮቴ ብረት የመሰለ፣ ነጥቦቹም እንደ ምስማር የተደረደሩ ከሆነ ሆርስ ቼስትነት ነው። ቀጭን የተከፈተ ማጭድ ከሦስት ነጥብ ጋር ሜፕል ነው። ሦስት ማዕዘን ኖሮት የነጥቦቹ ሦስት ስብስብ የእንስሳ ፊት የሚያስመስለው ዋልነት ነው። የልብ ቅርጽ ያለው፣ በጣም ትልቅና ብዙ ነጥብ የያዘ ጠባሳ በወፍራም ቀንበጥ ላይ ካዩ አይላንተስ ሊሆን ይችላል። ጠባሳው እምቡጡን ዙሪያውን ከከበበው ፕሌን ነው፤ እምቡጡ በቅጠሉ እግር ውስጥ ተደብቆ ስለሚያድግ ቅጠሉ ሲረግፍ ቀለበት ይቀራል።

ከዚህ የተለየ ሌላ ቀለበት አለ። በየአንጓው ላይ ቀንበጡን ሙሉ በሙሉ የዞረ ቀጭን መስመር ካዩ ዛፉ ማግኖሊያ፣ ቱሊፕ ዛፍ ወይም በለስ ሊሆን ይችላል። ይህን በደረጃ 2 ካየነው የዓመት መስመር ጋር አያምታቱት፤ የዓመቱ መስመሮች ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ይህኛው ግን በየአንጓው አንድ ብቻ ነው።

6. ቀንበጡን ይሰንጥቁ፣ ያሽትቱ

ቀንበጡን ወረቀቱ ላይ አስተኝተው በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ቢላውን ሁልጊዜ ከእጅዎ ወደ ውጭ ይግፉ። ልቡ እንደ መሰላል በክፍልፋይ የተከፈለ ከሆነ ዋልነት ወይም ዊንግነት ነው። ሰፊ፣ ነጭና እንደ ስፖንጅ የሚጫን ከሆነ ኤልደር ነው። ባዶ ከሆነ ፓውሎኒያን ያስቡ። ሌላውን ቀንበጥ ደግሞ በአግድም ይቁረጡት፤ ልቡ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ከመሰለ ኦክ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቅርፊቱን ፍቀው ወዲያውኑ ያሽትቱ፤ ሽታው በደቂቃዎች ይጠፋል። ብርድ ሽታን ስለሚያፍን ቀንበጡን በእጅዎ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያሙቁት። የመራራ አልሞንድ ሽታ ወደ ቼሪ ወገን ያመለክታል። የጡንቻ ሕመም ቅባት የሚመስል ሽታ ከአንዳንድ የአሜሪካ በርች ዝርያዎች ይወጣል። የተበላሸ ለውዝ የሚሸት ከሆነ አይላንተስ ነው። እምቡጡ ሲጨመቅ እንደ ዕጣን የሚያውድ ሙጫ ከወጣ የበለሳን ፖፕላር ነው።

ከተቆረጠው ላይ ነጭ ወተት ካወጣ በለስ ወይም ሙልቤሪ ሊሆን ይችላል። በለስ በየአንጓው ቀለበት ስላለውና የጫፍ እምቡጡ ሾጣጣ ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። ወተቱ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙና ይታጠቡ፤ የበለስ ወተት ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። በኃይለኛ ብርድ ወተቱ ላይፈስ ይችላል፤ ቀንበጡን ቤት አስገብተው ካሞቁ በኋላ እንደገና ይቁረጡት።

7. እሾህና ድንክ ቅርንጫፍ

በየአንጓው ጥንድ ጥንድ እሾህ፣ እምቡጡ ደግሞ የማይታይ ከሆነ ብላክ ሎከስት ነው፤ እምቡጡ የተደበቀው ከቅጠሉ ጠባሳ ሥር ነው። ግንዱ ላይ የበቀለ፣ ራሱ ቅርንጫፍ ያወጣ ረጅም እሾህ ሃኒ ሎከስት ነው፤ በግቢ የሚተከሉት ግን ብዙ ጊዜ እሾህ አልባ ዝርያዎች ስለሆኑ እሾህ ማጣት ማስረጃ አይሆንም። ነጠላና ቀጥ ያለ እሾህ ሃውቶርን ሊሆን ይችላል።

ጥድ የመሰለ ነገር ግን መርፌ ቅጠሉን ሁሉ ያራገፈ ዛፍ ሲያዩ “ደርቋል” ብለው አይቁረጡት። ላርች፣ ሜታሴኮያና ረግረግ የሚወደው ቦልድ ሳይፕረስ በየዓመቱ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ላርች በቅርንጫፉ ላይ እንደ ኪንታሮት የወጡ አጫጭር ጉብታዎችና ሽቅብ የቆሙ ትናንሽ ኮኖች አሉት። ጊንኮም ድንክ ቅርንጫፍ አለው፤ የጊንኮው ግን ረዘም ያለና በተደራረቡ ጠባሳዎች የተጠቀለለ ነው፣ ኮንም የለውም።

8. ዛፉ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ይሰብስቡ

ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ያለ ነገር መሬት ላይ ካለው ይበልጣል። ነፋስ የጎረቤትን ቅጠል ስለሚያመጣ፣ መሬት ላይ ያገኙትን የሚቀበሉት ከእምቡጡ ጋር ከተስማማ ብቻ ነው።

ጥንድ ሆኖ የተያያዘ ክንፋም ዘር ሜፕል፣ ነጠላ ሆኖ በዘለላ የተንጠለጠለው አሽ ነው። ሁለቱም ፊት ለፊት ስለሆኑ ከደረጃ 3 ጋር ያመሳክሩ። በአልደር ላይ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ጥቁር ኮኖች ይከርማሉ። ፕሌን ሲፈረክሱት ወደ ብናኝ የሚበተን ኳስ፣ ስዊትገም ደግሞ እንጨት የሆነ ባለ ብዙ አፍ እሾሃማ ኳስ ያንጠለጥላሉ። ቀጭንና እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቆባ ካታልፓ፣ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና የተጠማዘዘ ቆባ ሃኒ ሎከስት ነው። አተር የሚያክሉ ፍሬዎች ቅጠል በመሰለ ክንፍ ላይ ከተንጠለጠሉ ሊንደን ነው። በርች፣ አልደርና ሃዘል የዓመቱን ጭራ መሳይ አበባ ተዘግቶ ይዘው ይከርማሉ።

ደረቅ ቡናማ ቅጠል ይዞ የከረመ ዛፍ ኦክ፣ ቢች ወይም ሆርንቢም የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በተለይ ወጣት ዛፎችና የታችኛው ቅርንጫፎች እንዲህ ያደርጋሉ። ካገኙት ቅጠሉን ወስደው የደረጃ 4ን ውጤት ያረጋግጡበት።

9. ቅርፊቱን መጨረሻ ላይ ይዩ

ቅርፊት ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ ወጣቱና አሮጌው አንድ ዓይነት ዛፍ ሁለት የተለያየ ዛፍ ይመስላሉ። ነጭ በርች እንኳ ሕፃን ሳለ ቡናማ ነው። ስለዚህ ቅርፊት የሚያገለግለው ለማረጋገጫ ነው። ሲያረጅም ለስላሳና ግራጫ ሆኖ የሚቆየው ቢች፣ ልስልስ ሆኖ ግንዱ ግን እንደ ጡንቻ የተወጣጠረው ሆርንቢም፣ በቁራጭ እየተላጠ አረንጓዴ፣ ክሬምና ቡናማ ጥፍጥፍ የሚያሳየው ፕሌን ብቻቸውን ሊያሳምኑ ይችላሉ። ቅርፊቱን በደረትዎ ከፍታ፣ በግምት 1.3 ሜትር ላይ ይመልከቱ፤ ከሥሩ ያለው በእርጥበትና እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ በሚለብሰው ሙስ የተበላሸ ነው።

10. ማስረጃውን አጋጥመው ይወስኑ

እርስ በርስ የማይደገፉ ሦስት ማስረጃዎች አንድ ስም ላይ ከተገናኙ ስሙን ይቀበሉ። ለምሳሌ፦ ፊት ለፊት አቀማመጥ፣ ጥቁር እምቡጥ፣ ነጠላ ክንፋም ዘር በዘለላ፤ አሽ። አንዱ ማስረጃ ከሌሎቹ ጋር ከተጋጨ ስሙን ከማስገደድ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ሌላ ቀንበጥ ይውሰዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ቀንበጡ ነው። “ሜፕል ነው” ላይ ከደረሱ በቂ ነው። የትኛው የሜፕል ዝርያ እንደሆነ፣ በተለይም የችግኝ ጣቢያ ያራባቸውን የጌጥ ዝርያዎች፣ ያለ ቅጠልና አበባ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

መጠበቅ ካልፈለጉ ቀንበጡን ቤት ውስጥ ያፈንዱት። የብርዱ ወራት ከተጋመሱ በኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ የተቆረጠበትን የታችኛውን ጫፍ በሰያፍ እንደገና 1 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩና ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ክፍሉ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ቀጥተኛ ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ አያስቀምጡት፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይደርቃል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቅጠል ወይም አበባ ይወጣል። ብርዱ እንደገባ ወዲያው ከቆረጡት ግን አይፈነዳም፤ እምቡጡ ከእንቅልፉ የሚነቃው ለሳምንታት የቆየ ቅዝቃዜ ካገኘ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- ከዛፉ አጠቃላይ ቅርጽ መጀመር። የተገረዘ ወይም በግንብ ጥግ ያደገ የግቢ ዛፍ የተፈጥሮ ቅርጹን አይዝም።
- የስልክ መተግበሪያ የሰጠውን የመጀመሪያ ስም መቀበል። ቅጠል በሌለበት ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ስሙን እንደ ጥቆማ ይዘው በደረጃ 3 ይፈትኑት። እምቡጡ ተፈራራቂ ሆኖ “ሜፕል” ካለዎት ስሙን ይጣሉት።
- የአበባ እምቡጥን ለክቶ “የዛፉ እምቡጥ” ብሎ መጻፍ። የአበባው ወፍራምና ክብ፣ የቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ሁለቱንም ለይተው ይጻፉ።
- ዛፉ ላይ የወጣን ሐረግ ወይም ተጠግቶ የበቀለን ሌላ ቁጥቋጦ ቀንበጥ መቁረጥ። የቆረጡት ቀንበጥ ከየት እንደመጣ እስከ ግንዱ በዓይንዎ ይከተሉ።
- የቆረጡትን ቀንበጥ ለቀናት ጠረጴዛ ላይ መተው። እምቡጡ ተኮማትሮ ልባሱ ይከፈታል። በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማቀዝቀዣ ቢያስገቡት አንድ ሳምንት ይቆያል።

ሰው ለመጠየቅ ካሰቡ የሚያነሷቸው ፎቶዎች

ስድስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉ ዛፉ፤ ግንዱ በደረት ከፍታ፤ ቢያንስ አምስት አንጓ የሚያሳይ ሙሉ ቀንበጥ በነጭ ወረቀት ላይ፤ የጫፍ እምቡጡ በቅርብ፤ የጎን እምቡጡ ከነጠባሳው በቅርብ፤ በቁመት የተሰነጠቀው ቀንበጥ። ፍሬ ካለ ሰባተኛ ያድርጉት። በቅርብ ፎቶዎቹ ሁሉ ማስመሪያው አጠገብ ይታይ፤ ያለ መለኪያ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ እምቡጥና 20 ሚሊ ሜትር የሆነው አንድ ይመስላሉ። ብልጭታ አይጠቀሙ፣ የልባሱን ቀለም ያጠፋዋል፤ በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያንሱ። ከፎቶዎቹ ጋር አቀማመጡን፣ ሽታውን፣ ወተት መኖር አለመኖሩን ይጻፉ፤ እነዚህን ካሜራ ሁልጊዜ አያሳይም።